ዕጣን፣ ቅጠል ወይስ የጠርሙስ ዘይት? ባሕር ዳር ላይ መዓዛ ሲመረጥ

ባሕር ዳር ውስጥ በየኮስሞቲክስ ሱቁ ትንንሽ ቡናማ ጠርሙሶች በዝተዋል። ላቬንደር፣ ቲ ትሪ፣ ፔፐርሚንት፣ ሮዝመሪ የሚል ተጽፎባቸዋል። ቴሌግራም ላይማ ምኑ ይወራል! እንቅልፍ ያመጣል፣ ጭንቀት ያጠፋል፣ ፀጉር ያበቅላል፣ ትንኝ ያባርራል፤ ያው አንዱ ጠርሙስ። ቅዳሜ ገበያ ብትወርዱ ደግሞ ዕጣኑ፣ ከርቤው፣ አሪቲው፣ ጠጅ ሳሩ ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል።

ገንዘባችሁን የቱ ላይ ታውሉት? መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለአብዛኛው ነገር ቅጠሉ ይበቃል። የጠርሙሱ ዘይት የሚያዋጣው በጣት ለሚቆጠሩ ጉዳዮች ነው። ዕጣን ለቡናም ለጸሎትም ቦታው የታወቀ ነው፤ ለጤና ብላችሁ ግን አታጭሱት።

ብዙ ሰው ሲገዛ ጠርሙሱን ከፍቶ ያሸትትና "ደስ ይላል" ብሎ ይከፍላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ቤት ውስጥ ማን አለ?

ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን ቁጠሩ

አስም ያለበት ሰው ካለ ጢስ ያለው ነገር ሁሉ ከምርጫው ይውጣ። ዕጣኑም፣ ሰንደሉም፣ ቀበርቾውም። ለእሱ የጠርሙሱ ዘይትም ቢሆን ሁልጊዜ አይስማማውም። ጠንካራ ሽታ ብቻውን ደረቱን የሚያጠብቅበት ሰው ብዙ ነው።

ሕፃን ካለ ባሕር ዛፍና ፔፐርሚንት ከአጠገቡ ይራቁ። በተለይ ፊቱ ላይ፣ አፍንጫው ሥር አይቀቡም። በውስጣቸው ያለው ሲኒዮልና ሜንቶል የትንሽ ልጅን ትንፋሽ ሊያውክ ይችላል። ቪክስም ቢሆን ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደለም፤ ራሱ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ግን ማን ያነበዋል?

ነፍሰ ጡር ካለች፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት፣ ዘይቱን መተው ነው። ጤና አዳም ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው ቅንጣቢ ብዙዎቻችን የምንወዳት ናት። ይሁንና ተክሉ ማሕፀንን የማነቃቃት ባሕርይ ስላለው እርጉዝ ሴት ብትተወው ይሻላታል። የጤና አዳምን ዘይትማ ማንም አይንካው። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ባሕር ዛፍና ሮዝመሪ ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ።

ድመት ያላችሁ እናንተም አላችሁበት። የድመት ጉበት እነዚህን ነገሮች እንደ ሰው ጉበት አያስወግድም። ዘይት ተቀብቶ ድመት ማቀፍ ይቅር።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ የተክሉ ሽታ ብቻ ተነጥሎ የወጣ ነው። ቅጠሉ ወይም አበባው ውስጥ እንፋሎት ይለቀቃል፤ እንፋሎቱ ሽታውን ይዞ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው ይለያል። እንደ አረቄ ማውጣት ማለት ነው፤ ጎጃም ላይ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። በአገራችን በዚህ ሥራ የሚታወቀው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። መዓዛማ ተክሎችን ያጠናል፣ ዘይታቸውንም ያወጣል።

ልብ መባል ያለበት ጥንካሬው ነው። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3 ሺህ ኪሎ ያላነሰ አበባ ያስፈልጋል። ላቬንደርም ቢሆን አንዱ ኪሎ ዘይት ከ100 ኪሎ በላይ ተክል ይበላል። ስለዚህ "ቅጠሉን እኮ እንጠጣዋለን፣ ዘይቱ ምን ያደርጋል?" የሚለው ክርክር አያስኬድም። ሻይ ውስጥ የምትገባ አንዲት ዘለላ ናና እና የፔፐርሚንት ዘይት ጠብታ የሚወዳደሩ አይደሉም።

ሽታ ስሜታችንን የሚነካውም እንዲያው በምናብ አይደለም። ከአፍንጫ የሚነሳው ነርቭ ስሜትና ትዝታ ወደሚያዙት የአንጎል ክፍሎች በቀጥታ ይደርሳል። ማየትና መስማት ዙሪያ ጥምጥም የሚሄዱበትን መንገድ ሽታ ያቋርጠዋል። ቄጤማ ተጎዝጉዞ ዕጣን ሲሸት "ዛሬ በዓል ነው እንዴ?" የሚያሰኘን ይኸው ነው። ይህም ማለት የሚያረጋጋችሁ ሽታ ጓደኛችሁን ሊያስጨንቅ ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ የሸተተውን ነገር ሁሉ የሚጠላ ሰው አለ። ማንም ሻጭ ለሁሉም ሰው የሚሠራ ሽታ የለውም።

ዕጣን በፍም፣ ወይስ ዲፊውዘር (ጉም የምትረጭ ዕቃ)?

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የሰሜኑ ዕጣናችን ዛፍ የሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው። ከጣና በስተምዕራብ ካለው የመተማና የቋራ ቆላ ጀምሮ እስከ ትግራይ ድረስ ይበቅላል። በበጋ ወራት ቅርፊቱ በትንሹ ይላጣል፣ ሙጫው ይደማል፣ ሲደርቅ ይለቀማል። ገበያ ላይ ፍሬው ትልቅና ነጣ ያለው ውድ ነው። ጠቆር ያለውና የደቀቀው ይረክሳል። ለቤት ማጨሻ ግን የደቀቀውም ይሸታል፤ ትልቁን ፍሬ መግዛት ለዓይን ነው እላለሁ።

ዕጣኑ ውስጥ ኢንሴንሶል አሲቴት የሚባል ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት አይጦች ላይ ተሞክሮ ጭንቀታቸውን ቀንሷል። ይህን ይዘው "ዕጣን ጭንቀት ያክማል" የሚሉ አሉ። አይጦቹ ግን የተወጉት የተጣራ ንጥረ ነገር ነው። ሳሎን ውስጥ ጢስ አልታጠኑም።

ጢሱ ነው ችግሩ። ዕጣን ሲቃጠል ወደ ሳንባ ጠልቀው የሚገቡ ደቃቅ ብናኞች ይወጣሉ። ከሥሩ ያለው ከሰል ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። በክረምት ዝናቡን ፈርቶ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ከሰል ምድጃው ዙሪያ ተሰብስቦ፣ ሦስት ሰዓት ቡና ጠጥቶ "ራሴን አመመኝ" የሚል ሰው ምናልባት የሕመሙ ምክንያት ቡናው ላይሆን ይችላል። ቡናውን ተዉ እያልኩ አይደለም! በረንዳ ላይ አፍሉት። ባሕር ዳር ላይ ሌላው ቢጠፋ ደጅ የሚያስቀምጥ አየር አይጠፋም። ፍሙ እዚያው ደጅ ይቀጣጠል፤ ጨለምለም የሚለው ጢስ ሳይወጣለት አይግባ። ዕጣኑም በቁንጥር ይሁን።

በቁንጥር የምለው ለሳንባ ብቻ ብዬ አይደለም። ዛፉ እያለቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በ20 ዓመት ውስጥ የዚህ ዛፍ የዕጣን ምርት በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። አዲስ ችግኝ የሚተካው እየጠፋ ነው። ከብት ይበላዋል፣ እሳት ይፈጀዋል፣ ያለውም ያለ ዕረፍት ይደማል።

ሰንደል ይሻላል የሚሉ አሉ። የከሰል ፍም አይፈልግም፣ እውነት ነው። ጢሱ ግን ጢስ ነው፤ አብዛኛውም የፋብሪካ ሽቶ የተነከረ እንጨት ነው። በሶኬት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ማጨሻ ከሰሉን ስለሚያስቀር ከሦስቱ የተሻለ ነው። ዕጣን ሳይጨስ መቅረት የሌለበት ቤት ካላችሁ እሱን ግዙ።

ዲፊውዘር ውኃና ጥቂት ጠብታ ዘይት ተደርጎባት ጉም የምትተፋ የኤሌክትሪክ ዕቃ ናት። ጢስ የላትም፤ ትልቁ ጥቅሟ ይኸው ነው። 3 ወይም 4 ጠብታ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ግማሽ ሰዓት አብርቶ ማጥፋት ነው። አፍንጫ ሽታን ቶሎ ስለሚለምድ "ጠፋ" ብሎ መጨመር የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሽታው አለ፣ የደከመው አፍንጫችሁ ነው። ውኃውን በየጊዜው ካልቀየራችሁና ካላጠባችሁ ሻጋታ ይዛ እሱን ትረጭላችኋለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጌጥ ሆና ትቀመጣለች። እዚህ ከተማ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግርም።

ለዚህ ነው ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን መንገድ የምመርጠው። ያልተቀባ የሸክላ ገል ወስዳችሁ 2 ጠብታ ላዩ ላይ ጣል አድርጉ። ሸክላው ይመጠዋል፣ ቀስ እያለም ይለቀዋል። ከተሰበረ ጀበና ወይም ድስት የተረፈ ስባሪ ሥራውን ይሠራል። ጥጥም ይሆናል። የፕላስቲክ ሳህን ግን አይሆንም፤ አንዳንዱ ዘይት ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል።

ስለ ዕጣን ዘይት አንድ ነገር ልጨምር። "ለመገጣጠሚያ ሕመም" ተብሎ የሚሸጥ የዕጣን ዘይት አለ። ሰበቡ ቦስዌሊክ አሲድ የሚባለው ከዕጣን የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። እሱ ግን ከባድ ስለሆነ በእንፋሎት አይወጣም፤ ሙጫው ውስጥ ይቀራል። በእንፋሎት የወጣ ዘይት ውስጥ ከሌለ ምኑን ያክማል? ሽታውም ቢሆን እናንተ ከምታውቁት ሊለይ ይችላል። ከውጭ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሶማሊያ ወይም ከኦማን ዝርያ የወጣ ነው፤ ጥድ ጥድ ይላል። የእኛው ዘይት ኦክቲል አሲቴት ስለሚበዛበት ወደ ብርቱካን የሚያደላ ለስላሳ ሽታ አለው።

ጉንፋንና "ምች" ሲመጣ

እዚህ ቅጠሉ ያሸንፋል። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የፈላ ውኃ፣ ጭብጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከላይ ጋቢ። መታጠን እንላለን። ቫይረሱን አይገድልም። የታፈነ አፍንጫ ግን ይከፍታል፣ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ያሳርፋል። የጠርሙስ ዘይት በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እንዲያውም ጠብታው ከበዛ ዓይን ያቃጥላል።

ልጆችን ግን አታጥኑ። ሳህኑ ተገልብጦ የሚደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ አሥር እጥፍ ይብሳል። ከሕፃንነት ላለፈ ልጅ ሳህኑን እሱ የማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ክፍሉን ማወድ ይበቃል።

የባሕር ዛፍ ዘይት ካላችሁ ደግሞ ቆልፉበት። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንኳ የጠጣ ሕፃን ራሱን ሊስት፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጠርሙሱ ከሳል ሽሮፕ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥበት ቤት ያስፈራኛል። ከጠጣ እንዲያስታውክ አታድርጉ። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ዳማከሴስ? እሸቱን አሽቶ ማሽተትና ግንባር ማሸት የእናቶቻችን ነው፤ ሽታውም በእርግጥ ያነቃል። እኔም አልጠላውም። የምጠላው ትኩሳትን ሁሉ ምች ብሎ መተው ነው። የጣና ዳርቻ የወባ አገር ነው። ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ኅዳር ድረስ፣ ከዚያም በግንቦትና በሰኔ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም መታየት ነው። ዳማከሴውን እየሸተታችሁ ባጃጅ መያዝ ትችላላችሁ። ሁለት ቀን አስቀምጦ "እስኪ ይለይለት" ማለት ግን በወባ አይሠራም። ሳል ደግሞ ሁለት ሳምንት ካለፈው የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ የባሕር ዛፍ ነገር ይቅር።

ለትንኝ፦ ጠጅ ሳር፣ ሽቶ ባሕር ዛፍ፣ ወይስ አጎበር?

ምርጫ የሚባል ነገር ካለ እዚህ ላይ የለም፤ አጎበር። ሌላው ሁሉ ከአጎበሩ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጠጅ ሳር ሲትራል በሚባል ነገር የተሞላ ነው፤ ትንኝም ሽታውን አትወድም። ይሁን እንጂ ዘይቱ ቶሎ ይተናል። ቆዳ ላይ የተቀባ የጠጅ ሳር ዘይት ብዙ ሳይቆይ ኃይሉ ያልቃል። ጓሮ የተተከለው ደግሞ ካልታሸ ያን ያህል አይሸትም፤ ትንኟ ከጎኑ አልፋ ትገባለች። ተክሉን ለሻይ፣ ለጉዝጓዝ፣ ለቤት ሽታ ትከሉት። ወባ ይከላከልልኛል ብላችሁ ግን እንዳትተማመኑ።

ሽቶ ባሕር ዛፍ፣ ያ ቅጠሉ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ የሚለው፣ ነገሩ ለየት ይላል። ከእሱ የሚዘጋጅ ፒኤምዲ የሚባል ንጥረ ነገር ትንኝን ለሰዓታት እንደሚያርቅ በምርመራ የተረጋገጠ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከልም ከሚመክራቸው መከላከያዎች አንዱ ነው። ችግሩ ሻጮች የሚያምታቱት ላይ ነው። በእንፋሎት የወጣው ተራ ዘይት ፒኤምዲው በጣም ትንሽ ነው። የተፈተነው ግን ፒኤምዲው እንዲበዛ ተደርጎ የተዘጋጀው ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ "ለትንኝ መከላከያ" ተብሎ የፒኤምዲው መጠን ካልተጻፈ እንደ ሽቶ ብቻ ቁጠሩት። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የተዘጋጀውም አይቀባም።

ማታ ሐይቁ ዳር ቁጭ ማለት የምትወዱ ከሆነ፣ ረጅም እጅጌና ዴት የሚባል ትንኝ ማባረሪያ ያለበት የፋርማሲ ቅባት ከማንኛውም የመዓዛ ዘይት ይበልጣሉ። ሽታው አያምርም። ምን ይደረግ።

እንቅልፍና ጭንቀት

አሁን ወደ ዘይቱ መጣን። አንድ ጠርሙስ ብቻ ግዢ ብትሉኝ ላቬንደር እላችኋለሁ። ከመዓዛ ዘይቶች ሁሉ ለመረጋጋት በብዛት የተጠናው እሱ ነው። ጥናቶቹ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም መለስተኛ ነው። ግን አለ። ጀርመን ውስጥ 80 ሚሊግራም የላቬንደር ዘይት የያዘ እንክብል ለጭንቀት ይሸጣል። ይህን ሰምታችሁ ከጠርሙሱ ጠብ አድርጋችሁ እንዳትጠጡ። ያ በመድኃኒት ደንብ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ የእናንተ ጠርሙስ አይደለም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። 2 ጠብታ ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ከትራሱ ጎን። ትራሱ ላይ በቀጥታ አታንጠባጥቡ፤ ፊት ያሳክካል። ከመተኛት ግማሽ ሰዓት በፊት ሽታው በክፍሉ ይሙላ፤ ከዚያ ጥጡ ይውጣ።

ከአገር ውስጥ ተፎካካሪ ካላችሁት የጠጅ ሳር ሻይ ነው። ሙቅ ነገር ይዞ ቁጭ ማለቱ ራሱ ሰውነትን ያላላል። አሪቲም ለብዙ ሰው የሚያረጋጋ ሽታ አለው። ጥቂት ዘለላ ከራስጌ ማኖር ወጪ የለውም። የአሪቲ ዘይት ግን ቱጆን የሚባል ለነርቭ አደገኛ ነገር ሊኖረው ስለሚችል ቅጠሉ ላይ እንቁም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ጨርሶ ትራስ ሥር ላቬንደር መደበቅ ቀልድ ነው። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የዘጌ ቡና ላቬንደርን ይጥለዋል። መጀመሪያ ቡናውን ወደ ቀን አምጡት፣ ከዚያ ስለ ሽታ እናወራለን። ጭንቀቱ ከሳምንታት በላይ ከቆየ፣ ሥራና ምግብ ካስጠላ፣ ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ማንም ጠርሙስ አይበቃውም።

ራስ ምታት

ሁለተኛ ጠርሙስ ከተገዛ ፔፐርሚንት ይሁን። ግንባርን እንደ መቀነት ጭምቅ ለሚያደርገው የውጥረት ራስ ምታት ጀርመን ውስጥ 10 በመቶ የፔፐርሚንት ዘይት በአልኮል ተበጥብጦ ግንባር ላይ ተቀብቶ ተጠንቷል፤ ረድቷልም። ቤት ውስጥ ግን ቀለል አድርጉት። አንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ላይ 3 ጠብታ። ግንባርና የግንባር ጎንና ጎን፤ ከዓይን ራቅ። ከዚያ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሳይታጠቡ ዓይን ያሹ ሰዎች ለምን እንዳልኩ ያውቃሉ።

የጓሮ ናና ለዚህ አይበቃም፤ ሜንቶሉ ከፔፐርሚንት በጣም ያነሰ ነው። ዳማከሴ ማሽተት ለጊዜው ያዘናጋል። ትኩሳት ወይም የአንገት መገተር ያለው፣ ወይም በድንገት የመጣ ከባድ ራስ ምታት ግን የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

ቆዳና ፀጉር

ማንኛውም የመዓዛ ዘይት ሳይበረዝ ቆዳ ላይ አይፈስም። መበረዣው ተራ ዘይት ነው። ከውጭ የሚመጣ ጆጆባ መፈለግ አያስፈልግም። የሰሊጥ ዘይት እዚሁ አለ፣ ለማሻሸትም ይመቻል። የሱፍ ዘይትም ይሆናል። የኑግ ዘይት የራሱ ሽታ ስለሚያይል መዓዛውን ይውጠዋል። ልኩ ይህ ነው፤ ለአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 6 ጠብታ ለሰውነት፣ 3 ጠብታ ለፊትና ለአዛውንት። መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ነው።

የባሕር ዳር ፀሐይ እዚህ ላይ ትገባለች። ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ ጠባሳውም ለወራት ሊቆይ ይችላል። እሸት ጤና አዳም ቆዳ ላይ አሽቶ ፀሐይ መሞቅም እንዲሁ ውኃ ያስቋጥራል። በጀልባ ወደ ገዳማቱ ልትሄዱ ነው? ፀሐዩ ከላይም ከውኃውም ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን ሎሚ ነክ ነገር አትቀቡ።

ፀጉር ላይ ሮዝመሪ ስሙ ገንኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በወንዶች የፀጉር መሳሳት ላይ ሚኖክሲዲል ከሚባለው የፀጉር ማብቀያ መድኃኒት (2 በመቶ) ጋር አወዳድሮት ከ6 ወር በኋላ ተመጣጣኝ ውጤት አግኝቷል። የተሳተፉት 100 ሰዎች ናቸው። በ3 ወሩ ግን ሁለቱም ጋ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ስለዚህ "በሁለት ሳምንት" የሚላችሁን ሻጭ እለፉት። ለጥብስ የምትጠቀሙበት ቅጠል በዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚወጣው ከተጠናው ዘይት በጣም የላላ ነው፤ ግን ይሸታል፣ ፀጉርም ያለሰልሳል። ቅቤ በአደስ ለምትቀቡ እናቶች የምጨምረው የለኝም፤ ቀጥሉ።

ለብጉር ቲ ትሪ አለ። 5 በመቶ የሆነው ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ቆዳን የሚያደርቀውም ከተለመደው የቤንዞይል ፐሮክሳይድ ቅባት ያነሰ ነው። አይጠጣም። ወይባ ጢስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ለቆዳ ልስላሴና ለሽታ የሚወዱት ብዙ ናቸው። ቤቱ አየር ያለው፣ ጭንቅላታችሁም ከጢሱ ውጭ ይሁን። እርጉዝ ሴት ሙቀቱን ብትተው ነው የሚሻላት።

ጠርሙሱን ስትገዙ

መጀመሪያ ዋጋውን እዩ። ጽጌረዳውም፣ ሎሚውም፣ ላቬንደሩም በአንድ ዋጋ ከተደረደሩ የፋብሪካ ሽቶ ነው። ከላይ ያልኳችሁን የጽጌረዳ ስሌት አስታውሱ። በእውነተኛው ዘይት የጽጌረዳ ጠርሙስ ከሎሚው ብዙ እጥፍ ይወደዳል።

ቀጥሎ የተክሉ የላቲን ስም። ላቬንደር ከሆነ ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ የሚል መኖር አለበት። ጠርሙሱ ጠቆር ያለ ብርጭቆ ይሁን። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ንጹሕ ዘይት አብዛኛው ይተናል፣ የቅባት ክብ ከተወ በምግብ ዘይት ተበርዟል። ይህ ሙከራ ሽቶ የተቀላቀለበትን አያጋልጥም፤ የተበረዘውን ብቻ ነው። "ይጠጣል፣ ይቀባል፣ ይሸተታል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ደግሞ ተሰናበቱት።

የከተማችን ሙቀት ለእነዚህ ጠርሙሶች ጠላት ነው። መስኮት ላይ፣ መኪና ውስጥ አይቀመጡ። ሎሚ ነክ የሆኑት ከተከፈቱ ከአንድ ዓመት በኋላ አይታመኑም። ቲ ትሪም ሲያረጅ ቆዳ የማሳከክ ባሕርይ ያመጣል። ስለዚህ ትንሹን፣ ባለ 10 ሚሊ ሊትሩን ግዙ። ትልቁ ቢረክስም ሳያልቅ ይበላሻል።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ግዢው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፤ መጀመሪያ ለቤተሰቡ የሚበቃ አጎበር፣ ቀጥሎ ላቬንደር፣ ተርፎ ከተገኘ ፔፐርሚንት። ዲፊውዘሯ መጨረሻ ላይ ናት። ጠጅ ሳሩን አትግዙት፤ ከጎረቤት አንድ ቁጥቋጦ ለምኑና ክረምቱ ሲገባ ከነሥሩ ከፋፍላችሁ ትከሉት። ሥር ከያዘ ብዙ እንክብካቤ አይጠይቅም፤ ለሻይ ስትቆርጡት ከታች መልሶ ያቆጠቁጣል።